ካርታው ላይ ያልነበረው ገመድ

ራዳር ለማወክ ራዳሩን «ማየት» ያስፈልጋል። የማወኪያው ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ ፕራውለር የተባለው ራዳር አዋኪ የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ሸለቆ ውስጥ ከገባ ተራራው ከጠላት ራዳር ይሸሽገው ነበር፤ የራሱንም ሞገድ ግን ያግድበት ነበር። ስለዚህ የዚህ አውሮፕላን ዋና ሥራ ከፍና ራቅ ብሎ ነበር። ዝቅ ብሎ መብረርን ይለማመዱ የነበረው ከራዳር ለማምለጥ ነው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1998 ከአቪያኖ አየር ሰፈር የተነሣው ፕራውለር ለዚሁ ልምምድ ነበር የወጣው። ቪኤምኤኪው-2 የተባለው የአሜሪካ ማሪን ስኳድሮን ሰሜን ጣሊያን የከረመው በቦስኒያ ግዳጅ ነው፤ ቤቱ ኖርዝ ካሮላይና፣ ቼሪ ፖይንት ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ካቫሌዝ አጠገብ፣ ከመሬት 110 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ ቼርሚስ ተራራ ሰው የሚያመላልሰውን የኬብል ካር ገመድ በጠሰ። ካቢኑ ከ80 ሜትር በላይ ወርዶ ተከሰከሰ። 19 ተሳፋሪዎችና የካቢኑ ሠራተኛ፣ 20 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ክንፉና ጅራቱ ተጎድቶ አቪያኖ ተመለሰ፤ አራቱም የበረራ አባላት በሕይወት ወረዱ።

የተፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ 2,000 ጫማ፣ ማለትም 610 ሜትር ገደማ ነበር። አብራሪው 1,000 ጫማ መስሎኝ ነበር አለ። ይሁን እንበል። 1,000 ጫማ 305 ሜትር ነው፤ ገመዱ የተበጠሰው የዚያ ሲሶ በሚሆን ከፍታ ላይ ነው። የትኛውም ወረቀት እዚያ ድረስ አያወርድም።

ኮክፒት ውስጥ የነበረው የአሜሪካ ካርታ ገመዱን አያሳይም ነበር፤ የጣሊያኖቹ ያሳይ ነበር። ይህ ከባድ ጥፋት ነው። በ1976 እዚያው ቼርሚስ ላይ የኬብል ካር ገመድ ተበጥሶ ከ40 በላይ ሰው ስለሞተ፣ ገመድ መኖሩን የማያውቅ የአካባቢው ሰው አልነበረም።

ከፍታ የሚለካው መሣሪያ፣ ራዳር አልቲሜትሩ፣ በትክክል አልሠራም የሚል ክርክርም ቀርቧል። መሣሪያው የሚያየው ቁልቁል ነው፤ ከታች ያለውን መሬት ይለካል እንጂ ከፊት የተወጠረ ገመድ አያሳይም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ወሰኑን በተፈቀደው ከፍታ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ከዚያ በታች ስትወርድ ያስጠነቅቅሃል። አውሮፕላኑ ይበር የነበረው በሰዓት 870 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ማለት በሰከንድ 240 ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት ገመድ አይቶ መሸሽ የለም፤ የሚያድነው አስቀድሞ የተጠበቀ ከፍታ ብቻ ነው። ያንን መጠበቅ ደግሞ የፊተኞቹ ሁለት ሰዎች፣ የአብራሪውና በቀኙ የተቀመጠው ናቪጌተር (አቅጣጫ መሪ) ሥራ ነው። ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ መኮንኖች የማወኪያውን መሣሪያ የሚሠሩ ናቸው፤ ወደ ፊት የሚታያቸው እምብዛም ነው። በእነሱ ላይ ቀርቦ የነበረው ክስ ተሰርዟል፤ ተገቢም ነበር።

እስከ ዛሬ የሚቆረቁረው ግን ቴፑ ነው። ኮክፒት ውስጥ የግል ቪዲዮ ካሜራ ነበር። ካረፉ በኋላ የተቀረጸበት ቴፕ ወጥቶ ባዶ ተተካበት፤ ናቪጌተሩ ቴፑን እሳት ውስጥ እንደጣለው ኋላ ራሱ ተናገረ። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም። ፕራውለር ከግዳጅ ሲመለስ የቀዳው የራዳር መረጃ ወጥቶ ይተነተን ነበር፤ የነገው በረራ የሚታቀደው፣ ነገ ሌላ ሰው እንዳይሞት የሚደረገው በዚያ ነበር። የሰማኸውንና ያየኸውን እንዳለ ማስረከብ የሥራው ግማሽ ነው።

አብራሪው በማርች 1999 ከሰው መግደል ክስ ነፃ ወጣ። በቴፑ ጉዳይ ግን እሱም ናቪጌተሩም ከሠራዊቱ ተሰናበቱ፤ አብራሪው 6 ወር እስራት ተፈረደበት። ስኳድሮኑ በማርች 2019 ሲዘጋ የመጨረሻው የፕራውለር ስኳድሮን ነበር። ከ20ዎቹ ሞት በፊት በነበሩት ደቂቃዎች ኮክፒቱ ውስጥ የተቀረጸው ግን አመድ ሆኗል፤ ካሜራው ውስጥ የቀረው ባዶው ቴፕ ነበር።