በጉ ከላይ፣ እኔ ከታች

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ!

ዶሮው ተገዝቷል። በግ ግን ዘንድሮ አልገዛሁም። ዋጋውን ፈርቶ ነው ብትሉ አልቀየምም፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ አባዬ ነው። በግ መርጦ የሚያመጣው እሱ ነበር። በደብረ ዘይት ማግስት ሸኘነው።

ስለ በግ ካነሳሁ አይቀር፣ ቻይና፣ ዢያን ከተማ ስማር ያሳለፍኩት ፋሲካ አለ። ብቻዬን ነበርኩ። ጎረቤቴ አንዲት ክርስቲያን አሮጊት ነበሩ፤ በአገሩ ወግ «አዪ» እላቸዋለሁ፣ አክስቴ እንደማለት። እንቁላል ቀቅለው መጡና በብሩሽ አንድ ፊደል ጻፉልኝ። «ዪ» ይባላል፤ ጽድቅ ማለት ነው። እኔ የተማርኩት «ዪ» ሦስት ጭረት ብቻ ነው። የሳቸው የድሮው ነው፤ ላዩ በግ፣ ታቹ «ዎ»፣ እኔ። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ፊደሉ ሲቀልል በጉም እኔም ወጣን! «በጉ ከላይ ሲሆንልኝ ጻድቅ እባላለሁ» አሉኝ፣ በጣታቸው ከላይ ወደ ታች እያሳዩ።

ፎቶውን ለአባዬ ላክሁ። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነው። ደውሎ ሳቀ። «ወርቁን አሳይታሃለች፤ ሰሙንስ አውቀኸዋል?»

ሰሙን ፈለግሁ። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በበሬ አጥንትና በኤሊ ቅርፊት ላይ ሲቀረጽ፣ «ዎ» ጥርሳም የጦር መሣሪያ ነበር። «እኔ» ለማለት በድምፁ ተዋሱት። በየቴሌግራሙ የሚዞረው «ቹዋን»ም እንዲሁ ነው። መርከብ ማለት ነው፤ ጀልባ፣ ስምንት፣ አፍ፤ ስለዚህ የጥንት ቻይናውያን የኖኅን ስምንት ነፍሳት ያውቁ ነበር ይላሉ። ግን «ስምንትና አፍ» የሚመስለው ክፍል የገባው አጠራሩን ሊጠቁም ነው። ይህንን «ማስረጃ» እያላችሁ የምትልኩልኝ ወዳጆቼ፣ እወዳችኋለሁ፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ማስረጃ ካማራችሁ እዚያው ዢያን አለላችሁ። በፈረንጆቹ 781 የቆመ የድንጋይ ሐውልት፣ አናቱ ላይ መስቀል ያለው፣ የሶርያ ፊደል የተቀረጸበት፤ ክርስትና በ635 ቻይና መግባቱን ይናገራል።

ይህን ስነግረው አባዬ ቅር ይለዋል ብዬ ነበር።

«ታዲያ ሴትዮዋ ዋሸችህ?»

«ኧረ አልዋሹም።»

«እንግዲያው ተቀኘችልህ። ለፋሲካ ብቻውን ለዋለ ልጅ። አመስግናት።»

ያኔ በቅጡ አላመሰገንኳቸውም። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላቸው። አባዬን ነገርኳቸው፤ ቆይተው ትንፋሻቸው ተሰማኝ። ዘንድሮ በግ የለም ስላቸው፣ «ፊደሉ አለህ አይደል? ስቀለው» አሉኝ። ሰቅየዋለሁ፤ ከአባዬ ፎቶ ጎን።

የዕድራችን ሰዎች፣ በዚያ ዝናብ ድንኳን የተከላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኬንያ ሆነሽ በየማታው «በላህ ወይ?» ያልሽኝ እህቴ፣ በላሁ፤ አሁንም እየዋሸሁሽ አይደለም። ዘንድሮ ዶርም ውስጥ በኑድል ለምትፈስኩ ተማሪዎች፣ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።

በግ ተራ የምትወርዱ ደግሞ፣ ላቱን ጨብጡ እንጂ ቀንዱን አትዩ። አባዬ ነው ያለው።