ይሉኝታዬን ዘበኛ አደረግሁት

ዛሬ ማታ ከአልጋዬ ሥር ካለው ካርቶን አንድ አሮጌ የሒሳብ ደብተር አወጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ «ጥር 2015» ይላል፤ ከሥሩ 4,098 ብር ከ50 ሳንቲም ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ያኔ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት፣ በጥራዝ ክፍል ውስጥ ከተቀጠርሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ደመወዜ 5,200 ብር ሲሆን፣ 737 ብር ከ50 ሳንቲም ለግብር፣ 364 ብር ደግሞ ለጡረታ ተቆርጦ እጄ የሚገባው ይኸው ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ነበር። የጡረታው ተቀናሽ በዚያን ጊዜ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን በዚያ ዓመት ሙሉ ሳይጎድል የተቀመጠልኝ ብቸኛ ገንዘብ እሱ ነው። እኔ 7 በመቶ፣ አሠሪዬ 11 በመቶ እየተዋጣ የተጠራቀመው እጄን ሳይነካ ስለሚያልፍ እንጂ እኔ ቆጣቢ ስለሆንሁ አልነበረም።

በገጹ ላይ ያለው ዝርዝር አጭር ነው። ከጓደኛዬ ጋር ለተከራየናት ክፍል ድርሻዬ 1,100 ብር፣ አብረን ለምንበላው 1,500፣ ከኮልፌ ፒያሳ ለመመላለሻ 600፣ ለእናቴ 400፣ ለሳሙናና ለስልክ ካርድ 190 ብር። ይህ ሁሉ ሲደመር 3,790 ይሆንና 308 ብር ከ50 ሳንቲም ይተርፋል። በወረቀት ላይ ቆጣቢ ነበርሁ ማለት ነው። የወሩ መጨረሻ ግን ከቀጣዩ ደመወዝ ላይ 91 ብር ከ50 ሳንቲም ተበድሬ እንደነበር ደብተሩ ይመሰክርብኛል፤ ምክንያቱም ለመሥሪያ ቤት ለቅሶ 100 ብር፣ ለአንዲት ባልደረባችን የልጅ ልደት 50 ብር አዋጥቼ፣ 200 ብር አበድሬ፣ ሁለት ማኪያቶ ደግሞ በ50 ብር ጠጥቻለሁ።

ስለ ቁጠባ የሚመክሩ ሰዎች ዘወትር ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ማኪያቶው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በዓመቱ ውስጥ ያጠፋሁትን ሁሉ እየመዘገብሁ ሳየው፣ ለራሴ ደስታ ያወጣሁት ከጠቅላላው ጋር ሲተያይ የሚያስቅ ነበር። ገንዘቤን ይበላው የነበረው ይሉኝታ ነው። ሻይ ቤት ገብተን ሒሳብ ሲመጣ «ዛሬ የእኔ ነው» እያልን እጅ ለእጅ የምንያያዝበት ያ የታወቀ ግብግብ፣ የመዋጮ ዝርዝር ሲዞር ከእኔ በላይ የፈረመው ሰው 100 ብር ስለጻፈ እኔም 50 ብሎ መጻፍ የሚያሳፍረኝ፣ ሊበደረኝ የመጣን ሰው ዓይኑን እያየሁ እንቢ ማለት የሚያቅተኝ፣ ሁሉም ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ነው። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው ደግሞ ይሉኝታው አያንስም፤ እንዲያውም ድህነቱ እንዳይታወቅበት ሲል ይብስበታል።

ነሐሴ 2015 ላይ፣ ያ ሁሉ ሆኖም በጭንቅ ያጠራቀምኋት 2,700 ብር በስልኬ ቴሌብር ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አንድ ማታ የአጎቴ ልጅ እቤት ድረስ መጣና እጅ እንዳጠረው፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንደሚመልስ ነገረኝ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔና በእሱ መካከል ነበረች። የለኝም ማለት ውሸት፣ አልሰጥም ማለት ነውር ሆነብኝና፣ ቡናው ሳይወርድ 2,500ውን ላክሁለት። መልእክቱ ስልኩ ላይ ሲገባ «ጢን» ያለው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። አሥራ አምስቱ ቀን ሦስት ወር ሆነ፤ ከዚያ እሱ እኔን ባየ ቁጥር መንገድ መቀየር ጀመረ፤ እኔም ላለማሳፈር ብዬ የምቀይርበት ጊዜ ነበር። ገንዘቡንም፣ የልጅነት ጓደኛዬንም በአንድ ማታ አጣሁ።

ያን ሰሞን እናቴን ሳስብ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ገንዘቧን የምትቋጥረው በመቀነቷ ነው። መስከረም 2013 የብር ኖቶች እንዲቀየሩ ሲታወጅና አሮጌው ብር በሦስት ወር ውስጥ ካልተለወጠ ዋጋ እንደማይኖረው ሲነገር፣ እሷ ጓዳ ገብታ ቆየችና አባቴም ሆነ እኛ የማናውቀውን 6,400 ብር በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወጣች። ላብ የጠጣ፣ እንደ ቅጠል የተጣጠፈ መቶ ብርና አሥር ብር ነበር። ባንክ ወስደን ቀየርንላት፤ ደብተርም ተከፈተላት። ነገር ግን ገንዘቡ መኖሩ ከታወቀ በኋላ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አጣዳፊ ጉዳይ ተገኘልንና እስከ ጥር ድረስ አለቀ። እኔም የጫማ ወስጄበታለሁ። በመቀነት ውስጥ ስንት ዓመት የኖረ ብር ባንክ ገብቶ አራት ወር አልቆየም። ለዚህ ባንኩን የሚወቅስ የለም፤ የታወቀ ገንዘብ ባለቤቱ ብዙ ስለሆነ ነው።

ጥቅምት 2016 ላይ ደመወዜ 6,000 ሲደርስ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እቁብ አስገባኝ። አርባ እጣ፣ በሳምንት 200 ብር፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በዳኛው ቤት። ዳኛው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። እኔ ሙሉውን ስለማልችል ከባልደረባዬ ጋር ግማሽ ግማሽ እጣ ተካፍለን በሳምንት 100 ብር መጣል ጀመርሁ። የመጀመሪያው እጣ በደንቡ የዳኛው ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሞች ተጠቅልለው በጣሳ ውስጥ ይገቡና የዳኛው የልጅ ልጅ ዓይኗን ጨፍና ታወጣለች። የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ከወሰደ በኋላ ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል። ጸሐፊው በሰፊ መዝገብ ላይ ስም እየጠራ ምልክት ያደርጋል። ወረቀት ነክ ሥራ ስለምሠራ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው መዝገቡ ላይ ነበር፤ ስፌቱ ተበጥሶ ገጾቹ በላስቲክ ታስረዋል።

ገና በሦስተኛው ወር መሥሪያ ቤታችን ደመወዝ በአሥር ቀን አዘገየብን። እሑድ ደረሰ፤ ኪሴ ባዶ ነበር። አልሄድሁም። ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ። ማታ ስከፍተው እቁብ ያስገባኝ ባልደረባዬ ሰባት ጊዜ ደውሎ ነበር። በማግሥቱ ከእህቴ 100 ብር ተበድሬ ዳኛው ቤት ሄድሁና፣ የ10 ብር ቅጣቱን ጨምሬ ስሰጣቸው ሽማግሌው ቅጣቱን መልሰው በእጄ አስያዙኝ። «ልጄ፣ ብር ባጣህ ሳምንት ባዶ እጅህን ና እንጂ አትቅር፤ ስትቀር ነው ሰው የሚጠራጠረው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድም እሑድ አልቀረሁም። በባንክ ላስቀምጥ ብዬ ለራሴ የገባሁትን ቃል ስንቴ እንዳፈረስሁት ቁጥሩን አላውቀውም፤ በአርባ ሰው ፊት የገባሁትን ግን ማፍረስ አልቻልሁም። ገንዘቤን ያስበላኝ የነበረው ይሉኝታ እዚህ ሲመጣ ገንዘቤን የሚጠብቅ ሆነ።

ሌላም ያልጠበቅሁት ነገር ነበረው። ሊበደረኝ የሚመጣን ሰው «እያጠራቀምሁ ነው» ብዬ ብነግረው ንፉግ እባላለሁ፤ ለምንና ለማን እንደማጠራቅም፣ ሳላገባና ሳልወልድ ምን እንዳጣደፈኝ እጠየቃለሁ። «የእቁብ አለብኝ» ስል ግን ያው ሰው ራሱን ነቅንቆ «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ» ይለኛል። በእኛ ዘንድ ለራስ መቆጠብ እንደ ስስት ሲቆጠር፣ ዕዳ መክፈል ግን የጨዋ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ ቁጠባዬ ዕዳ መምሰል ነበረበት። ከዚህ ጎን ለጎን ማታ ማታ እቤት በእጄ እየሰፋሁ የምጠርዛቸው የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፎች የሚያስገኙልኝን ሳንቲም፣ የኤቲኤም ካርድ ባልወሰድሁበት አንድ የባንክ ደብተር ማስገባት ጀመርሁ። ለማውጣት ተሰልፎ፣ ፈርሞ፣ ቁጥር እስኪጠራ መጠበቅ ስላለ፣ የአጎት ልጅ ቡና እየጠጣ የሚጠብቀው ዓይነት ገንዘብ አይደለም።

እቁብን ግን ከሚገባው በላይ ማወደስ አልፈልግም። ወለድ የለውም፤ በቸገረህ ቀን አይደርስም፤ እጣው መጨረሻ ላይ ከወጣልህ ለሌሎች ያለ ወለድ ስታበድር ከርመሃል ማለት ነው። የእኔ የወጣው ከአርባው ሳምንት በ38ኛው፣ ሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ ነበር፤ ድርሻዬ 4,000 ብር። ዓላማዬ የእጅ ወረቀት መቁረጫ መግዛት ነበር። ያለ መቁረጫ የተጠረዘ መጽሐፍ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ጥራዝ ወደ ሰው ቤት ሄዶ ማስቆረጥ ደግሞ ትርፉን ይበላዋል። ነጋዴው የጠየቀኝ 9,500 ነበር፤ እኔ ደግሞ በደብተሬ ካለኝ 3,200 ጋር 7,200 ብር ነበረኝ። ትንሽ ጠብቄ ልሙላው ብዬ ባንክ አስቀመጥሁት። ሐምሌ 22 ቀን የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በነሐሴ ያው ነጋዴ፣ ያንኑ አቧራ የለበሰ መቁረጫ 14,000 ብር አለኝ። «አዲስ ዕቃ መች አመጣህ?» ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ተውሁት።

ያኔ ለቁጠባ ይከፈል የነበረው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ2014 እና በ2015 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር እያወቅሁ እንኳ፣ ነገሩ በራሴ መቁረጫ ላይ እስኪደርስ ድረስ አልገባኝም ነበር። 7,200 ብሬ በአሥር ወር 420 ብር ወለደች፤ መቁረጫው በዚያው ጊዜ ውስጥ 15,000 ደርሶ በ5,500 ብር ጨመረ። እንግዲህ ቆጥቡ የሚለን ሁሉ ይህንንም አብሮ ቢነግረን ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለችግር ቀን የሚሆነኝን ብቻ በባንክ እተዋለሁ፤ ለዕቃ የያዝሁትን ግን ዕቃው እንደተገኘ እገዛበታለሁ፤ ክርም ሆነ ማጣበቂያ ወይም የሽፋን ካርቶን ቢሆን።

በሁለተኛው ዙር ሙሉ እጣ ገባሁ። ግንቦት 2017 ላይ 8,000 ብር ደረሰኝና፣ ከባንኩ ጋር ተደምሮ 15,620 ሲሆን መቁረጫውን በ15,000 ገዛሁት። የታክሲው ረዳት «ይሄ ብረት የሁለት ሰው ሒሳብ ይከፍላል» ሲለኝ ያለ ክርክር ከፈልሁ፤ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ሰው ተቀምጦ ኮልፌ ድረስ አብሮኝ መጣ። የምረቃ ሰሞን ስለነበር በመጀመሪያው ወር ከምሽት ሥራ ያገኘሁት ከቀድሞው የተሻለ ሆነ፤ ሀብታም ግን አላደረገኝም፤ የጎረቤት ልጆችን እንቅልፍ የሚነሳ ድምፅ አለው የሚል ቅሬታም አስከትሎብኛል።

በዚያው ዓመት የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ 6,800 የደረሰው ደመወዜ ላይ ይቆረጥ የነበረው 1,135 ብር ወደ 860 ወረደልኝ። የ275 ብሯን ልዩነት እጄ ሳትለምዳት ወደ ባንክ ደብተሩ መራኋት። እናቴ ብቻ ታውቃለች፤ እሷም ለማንም አትናገርም።

መስከረም 2018 ላይ፣ ሦስተኛው ዙር ሳይጀመር ያንን በላስቲክ የታሰረ መዝገብ ተውሼ እቤት ወሰድሁት። ገጾቹን ለያይቼ፣ የተቀደዱትን በስስ ወረቀት ለጥፌ፣ እንደ አዲስ ሰፍቼ፣ ጠርዙን በመቁረጫው አስተካክዬ በጥቁር ሽፋን መለስሁላቸው። ዳኛው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ስንት ነው?» አሉኝ። «ኧረ ምን ችግር አለው» የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ጸሐፊው፣ ባልደረባዬ፣ ቡና የምታቀርበው የዳኛው ልጅ፣ ሁሉም ያዩኛል። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «150 ብር ነው፣ ጋሼ» አልሁ።

ሽማግሌው ሳይደነቁ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ቆጠሩ። ከዚያ ብሩን በእጃቸው እንደያዙ፣ «ለመጪው እሑድ ይያዝልህ ወይስ ትወስደዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይያዝልኝ፤ የጎደለውን 50 ብር ይዤ እመጣለሁ» አልኋቸው። ጸሐፊው አዲሱን መዝገብ ገልጦ ስሜን ፈለገ።