ረጅም ሰው ያለበት ቤት የቻይና መኪና ሲመርጥ

ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ የመኪናውን ርዝመት ነው። ተዉት። ዊልቤዙን ጠይቁ፣ ማለትም ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለውን ርቀት፤ የእግር ቦታ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው። ቢዋይዲ ዶልፊን አጠር ያለች መኪና ናት፣ 4.3 ሜትር እንኳ አትሞላም፣ ዊልቤዟ ግን 2,700 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእሷ በግልጽ የሚረዝመው ሃቫል ጆሊዮንም ያው 2,700 ነው።

ቻይናዎች የኋላ ወንበር ነገር ይገባቸዋል። እዚያ አገር ገዢው ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው በጣም ስለሚጨነቅ ኦዲና ቢኤምደብሊው እንኳ ለቻይና ገበያ ብለው አንዳንድ ሞዴሎቻቸውን አስረዝመው ይሠራሉ።

ግን የጉልበት ቦታ ስላለ ብቻ ምቾት አለ ማለት አይደለም፣ እኔ በጣም የምጨቃጨቀውም እዚህ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ወለሉ ስር ስለሚተኛ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ወንበሩን ያንኑ ያህል ከፍ እንዳያደርጉት ደግሞ ጣሪያው አለ። ስለዚህ ረጅም ሰው ሲቀመጥ ጉልበቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጭኑ ከወንበሩ ይለቃል፣ ክብደቱ በሙሉ መቀመጫ አጥንቱ ላይ ያርፋል፣ ሩቅ መንገድ ሲሆን ወገቡን ይገድለዋል። ቢዋይዲ ሲል (Seal) የሚባለውን የኤሌክትሪክ መኪና እዩ፦ ዊልቤዙ 2,920 ነው፣ አሪፍ፤ ቁመቱ ግን 1,460 ሚሊ ሜትር ብቻ። ረጅም ሰው ሳይቀመጥበት እንዳትገዙት።

ስለዚህ ስትሞክሩ ጭናችሁ ወንበሩ ላይ ማረፉን እዩ። የእግር ጣታችሁ ከፊተኛው ወንበር ስር ይገባ እንደሆነም እዩ፣ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎ። የሚከፈት የመስታወት ጣሪያ ካለው መጋረጃውና ሐዲዱ የጭንቅላት ቦታ ስለሚበሉ፣ ያለ እሱ የሚሸጥ ዓይነት ካለ እሱን ውሰዱ።

ነጂው ረጅም ከሆነ መሪው ወደ ራሱ መሳብ አለበት። በአንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች ከፍና ዝቅ ብቻ ነው የሚለው፤ እግራችሁ እንዲመቸው ወደ ኋላ ስትሉ እጃችሁ አይደርስም።

ሰባት ሰው ይጭናል ሲሏችሁም ሦስተኛውን ረድፍ ራሳችሁ ግቡበት። ቼሪ ቲጎ 8 ፕሮ ጥሩ የቤተሰብ መኪና ነው፣ ግን በ2,710 ዊልቤዝ መጨረሻው ረድፍ የልጆች ነው። ትልልቅ ሰዎች እዚያም ይቀመጡ ካላችሁ እንደ ዴንዛ ዲ9 (3,110) ወይም ዚከር 009 (3,205) ያለ ሚኒቫን ያስፈልጋል፣ ዋጋቸው ግን ሌላ ነው። ከኋላ ሁለት ረጃጅም ሰዎች ብቻ ካሉ እኔ የምመርጠው እንደ ጂሊ ሞንጃሮ ያለ የቤንዚን ኤስዩቪ ነው፦ ዊልቤዙ 2,845፣ ወለሉም ባትሪ አልተሸከመም።

ደግሞ ማሳያ ቦታ የፊት ወንበሮችን ወደ ፊት ገፍተው ነው የሚያቆሟቸው። መጀመሪያ ረጅሙ ሰው እንደሚነዳ አድርጎ የፊቱን ያስተካክል፣ ከዚያ ከራሱ ወንበር ኋላ ሄዶ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ሻጩ ቢቸኩል ይጠብቅ።