ዛንዚባር በዳላዳላ፣ ከእማዬ ጋር

ዛንዚባር ላይ መኪና አልተከራየንም። እዚያ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ እኔ ደግሞ በቀኝ ከመንዳት ሌላ አላውቅም። የውጭ አገር ሰው መሪ ለመጨበጥ የደሴቲቱን የራሷን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እማዬ አለች። "ሰው በሚሄድበት እንሄዳለን፤ ምን ሆንን?" አለች። በቃ፣ አለቀ።

ከቦሌ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ስለ በረራው ብዙ የሚወራ የለም። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ወደ ደሴቲቱ የሚገባ የውጭ አገር ሰው የ44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስ የመግዛት ግዴታ አለበት። ከአገራችሁ ይዛችሁት የመጣችሁት ሌላ ኢንሹራንስ አይተካውም። በኢንተርኔት ቀድሞ ከፍሎ መሄድ ይሻላል።

ከኤርፖርቱ በር ስንወጣ የታክሲ ሹፌሮች ከበቡን። አንዱ ስቶን ታውን እስከሚባለው የድሮ ከተማ ድረስ 40 ዶላር አለን። መንገዱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብሩ ብቻ አይደለም ያናደደኝ። የእማዬን ሻንጣ ሳይጠይቅ ነጥቆ መኪናው ላይ ጫነው፤ አስወርደነው ስንሄድም ከኋላችን እየተከተለ ሌላ መጓጓዣ የለም ይለናል። አለ እንጂ! ዳላዳላ የሚሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪና አለ፤ 505 የሚል ቁጥር የለጠፈው ከኤርፖርቱ መንገድ ወደ ከተማ ይገባል። መንገዱን ያሳየችን እዚያው ስትጠርግ የነበረች አንዲት ሴት ናት። የከፈልነው ለአንድ ሰው 1,000 ሽልንግ እንኳ አይሞላም። አንድ ዶላር ያኔ ከ2,500 ሽልንግ በላይ ይመነዘር ነበር። ስንመለስ ሻንጣው ስለከበደ ታክሲ ያዝን፤ ዋጋውን ግን ከማረፊያችን ባለቤት ጋር ቀድመን ስለተነጋገርን ያው መንገድ 10 ዶላር ሆነ። ማታ የሚደርስ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ይሻለዋል። በር ላይ መደራደር ያደክማል።

ስቶን ታውን ውስጥ መጓጓዣ አያስፈልግም። መንገዶቹ ከመጥበባቸው የተነሳ ብዙው ቦታ መኪና አያስገባም። እጅን ዘርግቶ ግራና ቀኙን ግድግዳ መንካት የሚቻልባቸው አሉ። ጠንቅ የሚሆነው ሞተር ሳይክሉ ነው፤ ጥሩንባ ስትሰሙ ግድግዳ ተጠግቶ መቆም ነው። የአስደናቂ ነገሮች ቤት የሚሉት ትልቁ ሕንጻ በ2020 ከፊሉ ስለተደረመሰ ያየነው ከውጭ ነው። የድሮው የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ ግን ረጅም ሰዓት ቆየን። ገበያው የተዘጋው በ1873 ነው፤ አሁን ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታል። እማዬ እዚያ አንድ ቃል አልተናገረችም።

አመሻሹ ላይ ጆውስ ኮርነር በሚባለው አደባባይ ቡና ጠጣን። ወንዶቹ ግድግዳው ሥር በተሠራው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ዶሚኖ ይጫወታሉ። ቡናው በትንንሽ ሲኒ ይቀዳል። እማዬ ቀምሳ "ቀጭን ነው፣ ዝንጅብሉ ግን ጥሩ ነው" አለች፤ ደግማም ጠጣች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሰዓቱ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሰዓት ነው፤ እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት። በሰዓት ቀጠናም ከአዲስ አበባ አንለያይም። ፌርማታው ላይ ረዳቱ የነገው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሲጠየቅ አንድ ጣቱን አነሳ። አጠገባችን የነበሩት ሁለት አውሮፓውያን ከቀትር በኋላ ያለው አንድ ሰዓት መስሏቸው ተያዩ። እማዬ ምንም ግር አላላትም። "በጊዜ እንተኛ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው" አለችኝ። ሰው አገር ሄጄ ሰዓት ሳልቀንስ ሳልደምር የዋልኩት እዚያ ብቻ ነው፤ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ሆቴል ቤት ግን ለውጭ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚናገሩ ጠዋት ነው ማታ ብሎ ማረጋገጥ አይከፋም።

በምሥራቁ ዳርቻ ወዳለችው መንደር፣ ወደ ጃምቢያኒ፣ የሚሄደው ዳላዳላ 309 ነው። ደሴቲቱ ከጫፍ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ዳላዳላ አይቸኩልም፤ በየመንደሩ ያነሳል፣ ያወርዳል። የእኛው ጀርባው የተከፈተ ትንሽ የጭነት መኪና ነበር። ከላይ የእንጨት ጣሪያ አለው፤ ከውስጥ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች። ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ያስገባል፤ ለዝናብ የተጠቀለለ ሸራ ከላይ ታስሯል። ጣሪያው ላይ ሻንጣችን፣ የሙዝ ዘለላ፣ አንድ ፍራሽና ብስክሌት አብረው ተጫኑ። ሞላ ስትሉ ሁለት ሰው ይጨመራል። እንደገና ሞላ ስትሉ አንዲት ሴት ከነዘንቢሏ ትገባለች፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይጠጋጋል። ማንም አላጉረመረመም። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ረዳቱ ጋ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። እኛ ወራጅ አለ እንደምንለው እነሱ "ሹሻ!" ይላሉ።

ረዳቱ እማዬን ሲያያት አንድ ወጣት ከጋቢና አስወርዶ እሷን ከሹፌሩ ጎን አስቀመጣት። አልጠየቅነውም። ወጣቱም ሳይከፋው ከኋላ መጥቶ መወጣጫው ላይ ተንጠለጠለ። ሰው ሲገባ ለትልልቆቹ "ሺካሞ" ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ትልልቆቹ "ማራሃባ" ይላሉ። እማዬ ከሁለት ፌርማታ በኋላ ማራሃባ ማለት ጀመረች። ነጠላዋን እንደለበሰች ስለሆነ ሴቶቹ ጥለቱን እየዳሰሱ ያደንቁላት ነበር። በነገራችን ላይ ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ዳላዳላ ላይ ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መሳፈር ለሰው ክብር ነው፤ በዋና ልብስ የሚሳፈሩ ቱሪስቶች ሳይ በጣም አፍራለሁ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴት ሕፃን ልጇን ምንም ሳትል እኔ ጭን ላይ አኖረችውና ዕቃዋን አስተካከለች። እንቅልፉ እኔው ላይ ወሰደው። የጆዛኒ ደን አጠገብ መንገዱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች አሉ፤ ጦጣዎቹን መኪና እንዳይገጫቸው ነው። በዛንዚባር ብቻ የሚኖረው ቀዩ ጉሬዛ እዚያ ነው ያለው። እኛም ከመኪናው ላይ አየናቸው፤ አንዱ ግልገሉን አዝሎ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጧል። ደኑን መጎብኘት የሚፈልግ እዚያው ይወርድና ሲጨርስ የሚቀጥለውን ዳላዳላ ይይዛል።

ጃምቢያኒ ስንደርስ ሴትዮዋ ልጇን ተቀብላ አብራን ወረደች። ማረፊያችንን በሁለት ሦስት የስዋሂሊ ቃላትና በጣት ጠየቅኳት። በዚያ ፀሐይ፣ ልጅ አዝላ፣ አሸዋውን እየረገጠች በሩ ድረስ አደረሰችን። ገንዘብ ልሰጣት ስል እጄን መለሰችው። እማዬ እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። ውለታ የሚባል ይህ ነው።

ማረፊያው ግን አሳረረን። ማታ መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው ቆመ። አጎበሩ የተቀደደ ነው። ጄኔሬተር አለ ተብሎ ነበር፤ ስንጠይቅ ነዳጅ የለውም አሉን። ከባሕሩ ዳር የሚመጣው ዘፈን ደግሞ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አላቋረጠም። እማዬ ሌሊቱን ሙሉ በነጠላዋ ስታራግበኝ አደረች፤ እኔ ነበርኩ ማራገብ ያለብኝ። ጠዋት ስንነግራቸው ይቅርታ እንኳ አልወጣቸውም። ወደ ሌላ ማረፊያ ተዛወርን። እዚያ ቦሎቄ በኮኮናት ወተት ከሩዝ ጋር ይሠራሉ፤ እማዬ እሮብና ዓርብም አልተቸገረችም።

በምሥራቁ ዳርቻ ከሰዓቱ ሌላ ማወቅ ያለባችሁ የባሕሩን መምጫና መሄጃ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም፤ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ከድንጋዩ ባሻገር ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ማረፊያው ውስጥ ጠይቁ። ለመዋኘት የመጣ ሰው ይበሳጫል። ለእግረኛ ግን ሲሳይ ነው። እርጥቡ አሸዋ ስለሚጠነክር ብስክሌት ይነዳበታል፤ የመንደሩ ሰው መንገድ አድርጎት ወደ ጎረቤት መንደር ፓጄ ይመላለስበታል። ሴቶቹ ካስማ ተክለው፣ በካስማዎቹ መካከል ገመድ ወጥረው የባሕር አረም ያለማሉ። ቁጢጥ ብለው፣ ካንጋ የሚሉት ሽርጣቸው እስከ ወገብ ርሶ፣ ገመዱን አንድ በአንድ ሲያስሩ አየናቸው። ባሕሩ ሳይመለስ መጨረስ አለባቸው። በባዶ እግር እንዳትሄዱ፤ እሾሃማ የባሕር እንስሳ አለ። እማዬ ከገበያ ኮንጎ ጫማ ገዝታ እሷን አድርጋ ነው የዞረችው።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ኑንግዊ፣ ለመሄድ ተመልሶ ከተማ መግባት ያስፈልጋል፤ መስመሮቹ ማለት ይቻላል ሁሉም ከከተማ ነው የሚነሱት። ከዚያ 116 ነው። ኑንግዊ ውሃው እምብዛም ስለማይሸሽ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል፤ ሰው ግን በዛብን። ቶሎ ተመለስን።

የዚህ ሁሉ ችግሩ ማታ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ዳላዳላ ማግኘት ከባድ ነው፤ ያለው ታክሲ ወይም ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ነው። ቦዳ ቦዳው ርካሽ ነው፤ ሄልሜት ግን ብዙዎቹ የላቸውም። እማዬ ለሞተር እሺ አላለችም፤ እኔም አልጫንኳትም። ስለዚህ እራታችንን በጊዜ እየበላን እንገባ ነበር። አሁን ስለ ፔምባ እየጠየቀች ነው፤ ከዛንዚባር በመርከብ የሚኬድባት ሌላኛዋ ደሴት ናት። እዚያም ዳላዳላ አለ ብያታለሁ። ቀኑን አልቆረጥንም እንጂ ኮንጎውን አጥባ ሻንጣው ውስጥ መልሳዋለች።