ከፕረስ የተረፈው ሴራሚክ የት ይግባ?

የምሠራው ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ባለ አንድ የጥርስ ላብራቶሪ ነው። ሥራ የሚልኩልን ክሊኒኮች ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከሜክሲኮና ከካዛንቺስ ናቸው። ለፊት ጥርስ ሲሆን ብዙዎቹ ሐኪሞች ሊትየም ዳይሲሊኬት የሚባለውን ሴራሚክ ያዙናል። ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከጎኑ ካለው የተፈጥሮ ጥርስ ጋር ይዋሃዳል።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። ጥርሱ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል። ስፕሩ የምንለው የሰም ዘንግ ይተከልበትና ሪንግ በምንለው ክብ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ኢንቨስትመንት፣ ማለትም ሙቀት የሚችል እንደ ጄሶ የሚደርቅ ቁስ፣ ይፈስበታል። ሪንጉ 850 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ሲቆይ ሰሙ ተቃጥሎ ያልቅና ባዶ ቦታ ይቀራል። ከዚያ ኢንጎቱ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚመጣው የሴራሚክ ቁራጭ፣ ይገባል። ፕረስ ፈርነሱ ውስጥ ከ900 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ፕላንጀሩም (መግፊያው ዘንግ) ወደ ባዶው ቦታ ይገፋዋል፤ ፕረስ የምንለው ይህን ነው። ኢንጎቱ ግን ሁሉም ጥርስ አይሆንም። በስፕሩ ቦታ የቀረው ሴራሚክና ከፕላንጀሩ ሥር ያለው ድብልብል ቁራጭ ይተርፋል። የማወራው ስለዚህ ትራፊ ነው።

ኢንጎት ከውጭ ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ እያንዳንዱ ቁራጭ በብር ሲሰላ ያስደነግጣል። የትራፊው ሣጥን ሲሞላ ሁላችንም ዓይናችንን ጣልንበት። «ይሄ እኮ ድጋሚ ይለሰልሳል፤ ለምን ክራውን (የጥርስ ሽፋን) አንሠራበትም?» የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሌላ አገርም የሚያደርጉት ላብራቶሪዎች አሉ። የተደረጉት ጥናቶችም አንድ ቃል አይናገሩም፦ አንዳንዶቹ በሁለተኛው ፕረስ ጥንካሬው አልቀነሰም ይላሉ፣ ሌሎቹ ቀንሷል ይላሉ።

እኛ በሰው ጥርስ ላይ ሳይሆን በሙከራ ቁራጭ ጀመርን። ከአዲስ ኢንጎትና ከትራፊ፣ ቀለማቸውም ውፍረታቸውም እኩል የሆኑ ሳህኖች ሠራን። በጥቁርና በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠን ስናያቸው ልዩነቱ በዓይን ይለያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቁሱ ብርጭቆና በውስጡ ያሉ መርፌ መሰል ክሪስታሎች ናቸው። ድጋሚ ሲሞቅ ክሪስታሎቹ ያድጋሉ፣ ይወፍራሉ፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት መንገድም አብሮ ይለወጣል። በዚያ ላይ ትራፊው ኢንቨስትመንቱን የነካ ገጽ አለው። በደንብ ካልጸዳ ቆሻሻውም አየሩም አብሮ ይገባል።

ነገሩን የቋጩልን ዋናው ቴክኒሽያናችን ናቸው። ጋሼ የሙከራ ሳህኑን በጣታቸው እያገላበጡ፣ «ጥርሱ ቢሰበር ለዶክተሯ የየትኛው ሎት ነው ትላታለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እያንዳንዱ ኢንጎት የሎት ቁጥር፣ ማለትም በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳይ ቁጥር፣ አለው፤ እኛም ከታካሚው መዝገብ ጋር እንጽፈዋለን። ትራፊ ከትራፊ ሲቀላቀል ያ ቁጥር ይጠፋል። የአምራቾቹ መመሪያም ድጋሚ ፕረስ ማድረግን አይፈቅድም። ስለዚህ ትራፊ ወደ ሰው አፍ እንዳይገባ ተስማማን። ለመቆጠብ ብለን ከፍሎ የመጣን ሰው መሞከሪያ ማድረግ አንችልም፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ብሩን ያተረፍነው ሌላ ቦታ ነው፤ ከሚዛኑ። የሪንጉን መሠረት ባዶውን እንመዝናለን፣ ሰሙ ከተተከለበት በኋላ ደግመን እንመዝናለን፣ ልዩነቱ የሰሙ ክብደት ነው። በምንጠቀምበት ሲስተም ትንሹ ኢንጎት እስከ 0.75 ግራም ሰም፣ ትልቁ እስከ 2 ግራም ይበቃል። ክብደቱን በግምት የሚይዝ ሰው እንዳይጎድልበት ፈርቶ ትልቁን ያነሳል፤ ትራፊውም ያን ያህል ይገዝፋል። የሚመዝን ግን ትንሹ የሚበቃበትን ሥራ ያውቃል። ከዚያ ደግሞ ማቧደን አለ። ለአንድ ሪንግ አንድ ኢንጎት ስለሆነ አብረው የሚገቡት ቀለማቸውና ብርሃን አሳላፊነታቸው አንድ የሆኑ ሥራዎች ብቻ ናቸው። ኤ2 የሚባለው የጥርስ ቀለም ለብቻው፣ ኤ3 ለብቻው። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ማጨናነቅ ግን አያዋጣም። በጥርስና በጥርስ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር፣ ከሪንጉ ግድግዳ 10 ሚሊ ሜትር ካልተተወ ኢንቨስትመንቱ ይሰነጠቅና ሁሉም ሥራ አብሮ ይበላሻል።

አሁንም የሚተርፈውን አንጥለውም። በውሃ እየቆረጥን በተለያየ ውፍረት ሳህን እናደርገዋለን። ውሃውና ጭምብሉ ግዴታ ናቸው፤ የሴራሚክና የኢንቨስትመንት አቧራ ሳንባ ይጎዳል። በሳህኖቹ ላይ ስቴይንና ግሌዝ (ቀለምና ማንጸባረቂያ) እንሞክራለን። ለልምምድ የሚመጡ ልጆች በዳይመንድ በር (በአልማዝ መሞረጃ) መሞረድና ፖሊሽ የሚለማመዱት በነዚሁ ነው። ያለ ውሃ ጫን ብሎ ሲሞረድ ሴራሚኩ እንዴት እንደሚሰነጠቅ እጃቸው ላይ ያዩታል፤ በቃል ቢነገራቸው እንዲህ አይገባቸውም። ክሊኒኮችም ለቦንዲንግ (ለማጣበቅ) ልምምድ ይወስዳሉ። በ5 በመቶ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለ20 ሰከንድ፣ ከዚያ ሳይሌን የሚባለው ማያያዣ፣ ከዚያ የጥርስ ሲሚንቶ። አሲዱ አደገኛ ስለሆነ አሲዱ ቆዳ ቢነካ የሚቀባው ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገባቸው እንዲኖር ሳልናገር ቁራጩን አልሰጥም።

ከሰው አፍ ሌላ ትራፊውን የማንጠቀምበት አንድ ነገር አለ፦ የፈርነሱን ሙቀት ለመፈተሽ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወይም ቮልቴጁ ሲዋዥቅ ፈርነሱ የሚያሳየው ቁጥርና እውነተኛው ሙቀት ሊራራቁ ይችላሉ። አንዴ ፕረስ የተደረገ ቁስ እንደ አዲሱ ስለማይፈስ ያሳስታል። ለዚያ የብር ሽቦ አለን፤ ንጹሕ ብር 962 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል።

የቀረን የማቧደኑ ጉዳይ ነው። የቸኮለ አንድ ክራውን ሲመጣ ብቻውን ይገባል፣ ትራፊውም ይበዛል። አሁን ሐኪሞቹን የምንለምነው የጥርሱን ቀለም ልኬቱ እስኪደርስ ሳይጠብቁ በቴሌግራም ቀድመው እንዲልኩልን ነው። ኤ2 የሚጠብቅ ሌላ ሥራ ካለን ሁለቱን አብረን እናስገባለን።