ጥናቱን መረጥኩ፤ ውሉን ግን ዘግይቼ ተማርኩ

የሥነ ጥበብ ትምህርቴን ልጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ሁለት መንገድ ቀረበልኝ። አንደኛው አንድ ጥያቄ ይዞ ዓመቱን ሙሉ መመርመርና የመመረቂያ ጥናት መጻፍ ነው። ሁለተኛው የሙያ ዝግጅት ነበር፤ ፖርትፎሊዮ (ለሌሎች የሚታይ የሥራ ስብስብ) ማደራጀት፣ ሥራን ፎቶ ማንሳት፣ ዋጋ መተመን፣ ከጋለሪ ጋር መዋዋል። ከምረቃ በኋላ በምን እንደምተዳደር ያስጨንቀኝ ስለነበር ልቤ ወደ ሁለተኛው አድልቶ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የራሴ ሥዕል ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሣልኩትን ሸራ ከመደርደሪያ አውጥቼ በመስኮት ብርሃን አዘንብዬ ሳየው፣ ነጩ ሰማይ ውሃው እንደ ደረቀበት ኩሬ ተሰነጣጥቋል። ቡናማውና ጥቁሩ ደህና ናቸው። ነጩን በጥፍሬ ጫፍ ብነካው ፍርፋሪ ተነሣ። ለአማካሪዬ ወስጄ አሳየኋቸው። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ "ከሁለቱ ትምህርቶች ከተመረቅሽ በኋላ ብቻሽን ልትማሪው የምትችይው የትኛው ነው?" አሉኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ውል ማንበብንና ዋጋ መተመንን ሥራው ራሱ ያስተምራል። ረቂቄን መስመር በመስመር የሚያርም ሰው ግን ከምረቃ ማግስት ከየት ይገኛል? ጥናቱን መረጥኩ። ገቢ ወዲያው የሚያስፈልገው ሰው ሌላውን ቢመርጥ ግን አልፈርድበትም።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ "የዘይት ቀለም ለምን ይሰነጠቃል?" የሚል ነበር። ከመጠን በላይ ሰፊ ስለነበር ሦስት ወር በላብኝ። የዘይት ቀለም ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ለዓመታት ይለወጣል፤ በጥቂት ወራት ሙከራ ስለ እርጅናው ብዙ መናገር አይቻልም። ጥያቄውን ወደ ነጩ ቀለም ሳጠብበው መነሻዬ የቀለም ቱቦው ጀርባ ሆነ። እዚያ ቀለሙ ከምን ዱቄት እንደተሠራ የሚናገሩ ጥቃቅን መለያዎች አሉ፤ ፒደብልዩ (PW) ነጭ ቀለም ማለት ሲሆን፣ ፒደብልዩ 1 እርሳስ ከሚባለው ብረት የሚሠራው ነጭ፣ ፒደብልዩ 4 የዚንክ፣ ፒደብልዩ 6 የቲታኒየም ነው። "ቲታኒየም ነጭ" ብዬ የገዛሁት ቱቦ 6ንም 4ንም ይዞ ነበር። ዚንክ ከዘይቱ አሲዶች ጋር ተዋሕዶ የዚንክ ሳሙና ይፈጥራል፤ ቀለሙም ከጊዜ በኋላ ተሰባሪ ይሆናል፣ ከሥሩ ካለው ንብርብርም ሊላቀቅ ይችላል። በዚያ ላይ ያን ሰማይ የደረብኩት ገና ባልደረቀና ዘይት በበዛበት ንብርብር ላይ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀለም ስገዛ ያንን ጽሑፍ አንድም ቀን አላነበብኩትም። በእጄ የያዝኩትን ነገር ሳላውቅ መሣሌ እስካሁን ይቆጨኛል።

ምርጫው ዋጋ አስከፍሎኛል። ከተመረቅኩ በኋላ ለአንድ ጋለሪ አምስት ሥዕሎች በቃል ስምምነት ብቻ ሰጠሁ። አንዱ ጠርዙ ተቀዶ ተመለሰ። ሲሄድ ደህና እንደነበር የማሳይበት ማስረጃ ስላልነበረኝ ካሳ አላገኘሁም። ጋለሪዎች ከሽያጩ እስከ ግማሽ መውሰዳቸው የተለመደ መሆኑንም ያወቅኩት ሂሳቡ ሲደርሰኝ ነው። የሙያ ዝግጅቱን የመረጡት ጓደኞቼ ይህን ሁሉ ገና ክፍል ውስጥ እያሉ ተምረውታል። ጥናቱን የምትመርጡ ከእነርሱ የውል ናሙና ተቀብላችሁ ከምረቃ በፊት አንብቡት፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

አሁን ሥዕል ሳስረክብ ርዕሱን፣ መጠኑን፣ ዋጋውን፣ የጋለሪውን ድርሻ፣ የመመለሻውን ቀንና ጉዳት ቢደርስ ኃላፊው ማን እንደሆነ እጽፋለሁ፤ ሁለታችንም እንፈርማለን። ከማስረከቤ በፊት ከግራና ከቀኝ ሁለት መብራት በ45 ዲግሪ አድርጌ ፎቶ አነሣዋለሁ፤ እንዲህ ሲሆን የቀለሙ ነጸብራቅ ይቀንሳል። ከጀርባው ባለው የእንጨት ፍሬም ላይ ደግሞ የተጠቀምኩባቸውን ቀለሞች መለያ በእርሳስ እጽፋለሁ። በቅርቡ አንዲት ገዢ ሸራውን ገልብጣ "ይህ ፒደብልዩ 6 ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ እዚያው ቆመን ብዙ አወራን።