ዳገት ላይ የሚጠፋ ሞተር

የምነዳት አይሱዙ ቱርቦ የሌላት፣ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓዋም ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች የጭነት መኪና ናት። ሥራዬ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ደብረ ብርሃን ማድረስ፣ ስመለስም ድንችና ባቄላ ይዤ ወደ ቆላው መውረድ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ ይህች መኪና ዳገት ላይ እየደከመች፣ አንዳንዴም ጨርሳ እየጠፋች አስቸገረችኝ፤ ጋራዥ ስትገባ ግን ምንም እንዳልነበረባት ሆና ትነሣ ነበር። ምክንያቱ በመጨረሻ የተገኘው የጣት ጥፍር በማታህል ስንጥቅ ውስጥ ነው። እዚያ ለመድረስ የሄድኩበትን መንገድ፣ የተሳሳትኩበትንም ጭምር የምጽፈው፣ ብልሽቱ እየመጣና እየሄደ ግራ ለሚያጋባው ባለመኪና ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

መንገዱ ራሱ ብልሽቱን ይሸፍነው ነበር። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ መኪና ከእርሷ ተነሥቶ አርማንያንና ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ካስቆፈሩት ዋሻ አጠገብ ያለው አየር ከሸዋ ሮቢቱ በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ታች በሦስተኛ ማርሽ ይጎትት የነበረ መኪና ዋሻው አፍ ላይ ሁለተኛ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም። እኔም መጀመሪያ ላይ «ደጋው ነው» እያልኩ አለፍኩት። ኋላ እንደተረዳሁት ግን የከፍታ ድካምና የብልሽት ድካም አንድ አይደሉም፤ ከፍታ ሞተሩን ቀስ እያለ፣ ድምፁን ሳያዛባ ያደክመዋል፤ የእኔ መኪና ግን በድንገት ትንገጫገጭ፣ መልሳ ትነሣ፣ ደግሞ ትንገጫገጭ ነበር።

የነገሩ ክብደት የገባኝ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አርማንያን እንዳለፍኩ ነው። ሙሉ ጭነት ይዤ በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠውም አልመለሰልኝም፤ ከዚያም ጸጥ አለ። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ሞተር ሲጠፋ ለፍሬኑ የሚያግዘው ኃይልም አብሮ ያልቃል፤ አንድ ሁለት ጊዜ ከረገጡት በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። የእጅ ፍሬኑን እንደሳብኩ ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማዋ ሥር ታኮ ከተተ። ከበስተኋላችን የሚመጣ ሌላ የጭነት መኪና ስላልነበረ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ጥቂት አረፍ ብለን ናፍጣ የሚስበውን የእጅ ፖምፓ ስንገፋው መጀመሪያ ምንም ሳይከብድ ባዶውን ተመላለሰ፤ ብዙ ከገፋን በኋላ ጠጠረ፤ ሞተሩም ተነሣ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አንድም ጊዜ አልተንገጫገጨም። የእጅ ፖምፓው ባዶውን መመላለሱ መስመሩ ውስጥ አየር መግባቱን በግልጽ ይናገር ነበር፤ እኔ ግን ሞተሩ በመነሣቱ ተደስቼ ያን ምልክት ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ዕቃ መቀየር ጀመርኩ። የናፍጣውን ፊልትሮ (ማጣሪያ) ቀየርኩ፤ መኪናዋ ለአራት ቀን ደኅና ሆነች፤ በአምስተኛው ቀን ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ጠፋች። ከዋናው ፖምፓ ጎን ያለችውን ትንሿን ናፍጣ ሳቢ ፖምፓ አስቀየርኩ፤ እንደገና ለጥቂት ቀናት ዳነች። በመጨረሻ ዋናው ፖምፓ ወርዶ እንዲስተካከል አደረግሁ፤ ይህ ብቻውን የሁለት ወር ትርፌን በላ። ፖምፓውን የመረመረው ባለሙያ ይህን ያህል የሚባል ጉድለት እንዳላገኘበት በቅንነት ነግሮኝ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ያለ ችግር በመሥራቴ ንግግሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በሰባተኛው ቀን ባትሪው እስኪደክም ሞክረን ስላልተነሣች ሽንኩርቱን እንደያዝን ዳገቱ ላይ አደርን። ነጋዴው በማግስቱ ከታች ያለው ረድፍ ሞቆ መበላሸት መጀመሩን አይቶ ከኪራዬ ቀነሰ፤ እውነቱን ስለነበር አልተከራከርኩትም።

ያን ሌሊት ጋቢ ተከናንበን ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ረዳቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ከጋራዥ በወጣን ቁጥር ሰልባቲዮውን ሞልተን ነው የምንሄደው» አለኝ፤ ሰልባቲዮ የምንለው የናፍጣውን ታንከር ነው። መጀመሪያ ምን ሊል እንደፈለገ አልገባኝም ነበር። «ምናልባት የሚያድናት የተቀየረው ዕቃ ሳይሆን ናፍጣው ቢሆንስ?» ሲለኝ ግን እንቅልፌ ጠፋ። ልክ ነበር። በየጥገናው ማግስት ማደያ ገብቼ 100 ሊትር የሚይዘውን ሰልባቲዮ አስሞላለሁ፤ ናፍጣው እስኪጎድል ድረስ መኪናዋ ጤነኛ ትሆናለች፤ እኔም ያዳናት ፊልትሮው ነው፣ ፖምፓው ነው እያልኩ አመሰግናለሁ። ሦስት ጥገና ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ምስጋና አግኝቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ዕቃ ሳልቀይር ደብተር ያዝኩ። ረዳቴ በየጉዞው ጭነቱን፣ የናፍጣውን ልክ፣ የደከመችበትን ቦታና ሰዓት፣ የማርሹን ቁጥር፣ የጭሱን ቀለምና የሙቀት መለኪያውን ይጽፋል። በአሥራ አንድ ጉዞ ውስጥ አምስት ጊዜ ደከመች። አምስቱም ጊዜ ሰልባቲዮው ከግማሽ በታች ነበር፤ አምስቱም ጊዜ ጭነት ይዘን ወደ ላይ ስንወጣ ነበር። ናፍጣው ከግማሽ በታች ሆኖ ከጣርማ በር እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ደልዳላ መንገድ ስንሄድ፣ ባዶዋን ዳገት ስትወጣም፣ ሞልተን ከነጭነቷ ስንወጣም አንድም ጊዜ አልነካትም። ሦስት ወር ሙሉ «አልፎ አልፎ» ብዬ የጠራሁት ብልሽት ሦስት ነገሮች በተገጣጠሙበት ጊዜ ሁሉ ሳይቀር የሚመጣ፣ ሥርዓት ያለው ብልሽት ሆኖ ተገኘ።

ጭሱም የራሱን ነገር ተናገረ። የአየር ማጣሪያ ሲደፈን ናፍጣው የሚበቃውን አየር ስለማያገኝ ጥቁር ጭስ ይበዛል፤ የእኔ መኪና ግን ስትደክም ጭሷ ይጠፋ ነበር፤ አንዳንዴ ብቻ ነጣ ያለ ጭስ ብልጭ ይላል። ጥቁር ጭስ ሳያወጣ የሚደክም የናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የተራበው ናፍጣ ነው። የሙቀት መለኪያው ከቦታው ስላልተነቃነቀ የራዲያተሩንና የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ጥርጣሬ ያለ ብዙ ድካም ትተን ናፍጣው ከሰልባቲዮ እስከ ፖምፓ በሚሄድበት መስመር ላይ አተኮርን።

ቀጥሎ ያደረግነው ሰልባቲዮውን ከነቧንቧዎቹ ለጊዜው ከጨዋታ ማስወጣት ነበር። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ 20 ሊትር ጀሪካን ከጋቢናው ጀርባ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ራቅ አድርገን አጥብቀን አሰርንና ቱቦውን በቀጥታ ወደ ሳቢዋ ፖምፓ አስገባን። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሞተሩ ከሚያስፈልገው በላይ የመጣውን ናፍጣ በተመላሽ ቱቦ ወደ ሰልባቲዮ እንደሚልክ ዘንግተን ስለነበር፣ ጀሪካኑ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ደረቀ፤ የሰልባቲዮው ናፍጣ ደግሞ ሳንፈልግ ጨመረ። ለሁለተኛው ሙከራ ተመላሹንም ቱቦ ጀሪካኑ ውስጥ ከተትነው። ሰልባቲዮው ሩብ ያህል ብቻ እያለው፣ ሙሉ ጭነት ይዘን ከሸዋ ሮቢት ተነሣን፤ አርማንያን አለፍን፤ ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ ጋ እስክንደርስ ድረስ ሞተሩ አንድም ጊዜ አልተንተፋተፈም። ይህ አንድ ጉዞ ዋናውን ፖምፓ፣ ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮችና የሞተሩን ሆድ ዕቃ በሙሉ ከጥርጣሬ አወጣቸው። ሁለት ወር የለፋሁበትን ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት በአንድ ጀሪካንና በሁለት ሜትር ቱቦ ይህን ማወቅ እችል እንደነበር ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

የቀረው ከሰልባቲዮው እስከ ሳቢዋ ፖምፓ ያለው መስመር ነው። ይህ ክፍል የሚሠራው በመሳብ ስለሆነ ቀዳዳ ሲኖረው ናፍጣ ወደ ውጭ አያፈስም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳይታይ መኪና በናፍጣ መስመር ብልሽት ሊቆም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ጊዜ መስመሩን በእጄ ዳስሼ «ደረቅ ነው፣ ደኅና ነው» ያልኩትም ይህን ስላላስተዋልኩ ነው። ግንበኞች ውኃ ልክ የሚይዙበትን ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ ገዝተን ሳቢዋ ፖምፓ መግቢያ ላይ ገጠምነውና ረዳቴ ጋቢናው ውስጥ ሆኖ በኋላ መስታወቱ እንዲያየው አድርገን ወደ ላይ አዞርነው። እንዲህ ዓይነቱ ቱቦ ናፍጣ እየነካው ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ ለምርመራ እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም።

ሜዳው ላይ በቱቦው ውስጥ ያለው ናፍጣ እንደ ጠራ ጠጅ ንጹሕ ነበር። ዳገቱ እንደጀመረ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ አረፋዎች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስቀይርና ነዳጅ ስጨምር አረፋዎቹ ተያይዘው እንደ መቁጠሪያ ተደረደሩ፤ ቀጥሎም የጣት ርዝመት ያለው ባዶ ክፍል ሲያልፍ ረዳቴ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ሦስትና አራት ሰከንድ ሳይቆይ ሞተሩ ተንገጫገጨ። መንገድ ዳር ለጥ ያለ ቦታ አግኝቼ ስቆም አረፋው እየሳሳ ጠፋ። በማግስቱ ያንኑ ቱቦ ነቅለን ሰልባቲዮው መውጫ ላይ ገጠምነው። እዚያም አረፋው ነበረ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለው ቱቦና ማሰሪያ ሁሉ ነፃ ሆነ፤ አየሩ የሚገባው ሰልባቲዮው ውስጥ ነው ማለት ነው።

ከሰልባቲዮው አናት ላይ ቡሎኖቹን ፈትተን እስከ ታች የሚወርደውን መምጠጫ ቧንቧ አወጣነው። በዓይን ሲታይ ምንም የለበትም። ታችኛውን አፉን በጣቴ ደፍኜ ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ስነክረውና መካኒኩ ከላይ በጎማ መንፊያ ቀስ አድርጎ ሲነፋበት፣ ከቁመቱ መሐል አካባቢ፣ ቧንቧውን የምትደግፈው ትንሽ ብረት በተበየደችበት ጥግ ላይ፣ ቀጭን የአረፋ ክር ወጣ። ጠርገን በብርሃን ስናየው በብየዳው ዳር የሄደች፣ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ነበረች። የዓመታት ንዝረት የከፈታት ይመስለኛል።

ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ሰልባቲዮው ከግማሽ በላይ ሲሆን ስንጥቋ ናፍጣ ውስጥ ስለምትሰጥም የምትስበው ናፍጣ ነው፤ ጉዳት የለውም። ሲጎድል ከናፍጣው በላይ ትወጣለች። ዳገት ላይ ደግሞ ናፍጣው ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል በፊተኛው በኩል የቆመው ቧንቧ ይበልጥ ይጋለጣል፤ ጭነት ሲኖር ሞተሩ ብዙ ስለሚጠጣ የመሳቡ ኃይል ይበረታል። ሜዳ ላይ አንዳንዴ ጥቂት አየር ቢገባ እንኳ በተመላሹ ቱቦ ሹልክ ብሎ ስለሚወጣ አይታወቅም ነበር።

ቧንቧውን ከመኪናዋ አርቀን፣ አጥበንና አድርቀን በናስ አስበየድነው፤ መደገፊያዋንም እንዳትንቀጠቀጥ አጠናከርናት። የፈጀው ግማሽ ቀን ነው፤ የከፈልኩትም የፊልትሮ ዋጋ አይሞላም። ባዶ ሰልባቲዮ ራሱን መበየድ ግን ውስጡ በቀረው ትነት ምክንያት ፈንድቶ ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል ማንም በችኮላ እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ።

በዚህ ጊዜ ከጋራዥ ስወጣ ማደያ አልገባሁም። ናፍጣው ሩብ ላይ እያለ፣ ሁለት ተጨማሪ ሙሉ ጀሪካን ለጥንቃቄ ይዘን፣ ውስጡን የሚያሳየውንም ቱቦ እንደተገጠመ ትተን ሽንኩርት ጫንን። ረዳቴ ከአርማንያ ጀምሮ ዓይኑን ከኋላ መስታወቱ አልነቀለም። ደብረ ሲናን አልፈን ጉሙ ውስጥ ስንገባ መብራት አበራሁ፤ ዋሻውን ወጥተን ደጋው ላይ ስንደርስ ቆምንና ደብተሩን ከፈተ፤ ከጭነቱ፣ ከናፍጣው ልክና ከማርሹ ቀጥሎ «አረፋ የለም» ብሎ ጻፈ። በሚቀጥሉት ሁለት ጉዞዎች ላይም ይህንኑ ጻፈ፤ ቱቦውን ነቅለን የጎማውን መልሰን የገጠምነው ከሦስተኛው በኋላ ነው።